«ግለጽ»፦ የትምህርት እንግሊዝኛና ስያሜ ያልደረሰባቸው ቃላት በዋግ ኽምራ

በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ላይ «ስቴት»፣ «ዲስክራይብ»፣ «ኤክስፕሌይን»፣ «ኤክስፕረስ» የሚሉ አራት ትእዛዛት ቢገኙ፣ ተማሪው በልቡ ወደ አማርኛ የሚመልሳቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ነው፤ ይኸውም «ግለጽ» የሚለው ነው። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ቢገልጥም ከዚህ እጅግ የራቀ ፍቺ አያገኝም። ጠያቂው ግን ያዘዘው አራት የተለያዩ ሥራዎችን ነው። በመጀመሪያው «ነገሩን ያለ ማብራሪያ ባጭሩ አስቀምጥ»፣ በሁለተኛው «መልኩንና ጠባዩን ዘርዝረህ አሳይ»፣ በሦስተኛው «ለምንና እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ አስረዳ»፣ በአራተኛው ደግሞ፣ በተለይ በሒሳብ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ «ያንኑ ዋጋ በሌላ መልክ ጻፈው» ማለቱ ነው። ተማሪው ትምህርቱን እያወቀ ትእዛዙን ሳይፈጽም ይቀራል። አራሚው መምህርም «አላጠናም» ብሎ ነጥቡን ይቀንስበታል።

እንዲህ ያለው ችግር ዘወትር የሚነገረው የእንግሊዝኛ መምህራን ጉዳይ ሆኖ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን ከስያሜ ሥራ አንፃር ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በአገራችን የተደከመባቸው የሙያ ቃላት በብዛት የነገርና የሐሳብ ስሞች ናቸው። ዕውቀት የሚያዝባቸው፣ የሚመዘንባቸውና የሚጠየቅባቸው ተራ መሳይ ግሦችና አያያዥ ቃላት ግን ማንም ሳይደርስባቸው ቆይተዋል። የዋግ ኽምራን ደጋ ለምሳሌ የመረጥነው፣ በሰቆጣና በአካባቢዋ ያለው ተማሪ ይህን መንገድ የሚሄደው በሁለት ሳይሆን በሦስት ቋንቋዎች ስለ ሆነ፣ ጉድለቱ እዚያ ይበልጥ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «የትምህርት እንግሊዝኛ» ስንል የሰላምታውንና የገበያውን ሳይሆን፣ ተማሪው መጽሐፍ የሚያነብበትን፣ ማስታወሻ የሚይዝበትን፣ ዘገባ የሚጽፍበትንና የሚፈተንበትን እንግሊዝኛ ማለታችን ነው። ራሱን የቻለ የማስተማር ዘርፍ ሆኖ የወጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚያስተምሩ መምህራን በማኅበር የተደራጁት በ1972 እ.ኤ.አ. ነበር። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም፣ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተወልደው ሳይተዋወቁ ማደጋቸውን ያስታውሰናል። ጂም ከሚንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የዕለት ተዕለት ንግግር ችሎታንና የትምህርት ቋንቋ ችሎታን ለይተው ካሳዩ ወዲህ፣ ፊተኛው ቶሎ እንደሚገኝ፣ ኋለኛው ግን አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚጠይቅ በሰፊው ይታወቃል። በኛ አገር ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከመማሪያ ክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚነገርበት ስፍራ በሰቆጣ የለም ማለት ይቻላል። ተማሪው ፊተኛውን ችሎታ ሳያገኝ ኋለኛውን ይጠየቃል።

የኽምራ ልጅ የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። ኽምጥኛ፣ በሌላ አጠራር ኽምጣና ወይም ኽምጣንጋ፣ ከአውኝ፣ ከብሊንና ከቅማንት ጋር በአገው ወይም በማዕከላዊ ኩሽ ቋንቋዎች ወገን ይመደባል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አማርኛ በመላው አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን የኽምራ ልጅም በአማርኛ ፊደል ቆጠረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ኽምጥኛ ከነዚያ ውስጥ አልነበረም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ግን በዞኑ በዝቅተኛ ክፍሎች ማስተማሪያ ሆነ፤ በግእዝ ፊደልም ይጻፋል። አማርኛ በትምህርት ዓይነትነት ይከተላል። በአማራ ክልል ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ብዙ ዓመታት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲሰጡ ቆይተዋል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲያ ያለው ትምህርት ደግሞ በመላ አገሪቱ በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ልጁ አንዱን የትምህርት ቋንቋ ሳያደላድል ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ሳያደላድል ሦስተኛው ይደርሳል።

የዚህ ውጤት አዲስ ግኝት አይደለም። ጆን ስቶዳርት በ1986 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛን አጠቃቀም በኢትዮጵያ ት/ቤቶች መርምረው ባቀረቡት ዘገባ፣ ቋንቋው የዕውቀት መሸጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ወደ መሆን መድረሱን አመልክተዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በፕላዝማ የሚተላለፈው ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ ሲገባ፣ የተማሪው ጆሮ ከአነጋገሩ ፍጥነት ጋር መሄድ አቃተው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ዞኑን ያወከው ጦርነት ደግሞ ያንኑ ጥቂት የትምህርት ጊዜ ቆረጠው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ የትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል። ይህ የመላ አገሪቱ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ቢሆንም ጥያቄውን ያልተረዳ ተማሪ መልሱን ሊያገኝ አይችልም።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። «ዲስከስ» የሚለውን ትእዛዝ እንውሰድ። በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍትና በየመዝገበ ቃላቱ «ተወያይ» ወይም «ተወያዩበት» ተብሎ ይፈታል። በመማሪያ ክፍል፣ በቡድን ለሚሠራ መልመጃ ትክክል ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ተማሪው ብቻውን ተቀምጧል፤ ከማን ጋር ይወያያል? ጠያቂው የፈለገው ጉዳዩን ከየወገኑ እያየ፣ ድጋፉንና ተቃውሞውን እየመረመረ እንዲጽፍ ነው። «ተወያይ» ይህን ከቶ አይነግረውም።

«አርግዩ» ደግሞ «ተከራከር» ተብሎ ይተረጐማል። መከራከር በኛ ዘንድ ባላጋራ ይፈልጋል፤ ከበላ ልበልሃው ሙግት ጀምሮ ክርክር ማለት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ ዳኛ በመካከል ተቀምጦ የሚደረግ ነው። ተማሪው «አርግዩመንት» አቅርብ ሲባል የሚረታውን ሰው ይፈልጋል፤ ካጣም ድምፁን ከፍ አድርጎ የራሱን አቋም ይደጋግማል። «ኢቪደንስ» እና «ፕሩፍ» ሁለቱም «ማስረጃ» ይባላሉ፤ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ያቀረበ ተማሪ ነገሩን ያረጋገጠ ይመስለዋል። ፊተኛውን «ማስረጃ»፣ ኋለኛውን «ማረጋገጫ» ብሎ መለየት ይቻል ነበር፤ ቃላቱም በእጃችን ያሉ ናቸው። የጐደለው ሁሉም መጽሐፍ በአንድ መንገድ እንዲሠራባቸው የሚያደርግ ስምምነት ነው።

«ክሪቲካል» የሚለው ቃል የራሱ ታሪክ አለው። «ሂስ» በሥነ ጽሑፍ ጥናት የተከበረ ቃል ቢሆንም፣ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ «ሂስና ግለ ሂስ» በየስብሰባው ከተለመደ ወዲህ የጥፋተኛ ማጋለጫ ጠረን ተጣብቆበታል። በዚህ ምክንያት «ክሪቲካል ሪዲንግ» ጉድፍ ፍለጋ ይመስላል፤ አለዚያም ተማሪው ይፈራዋል። የታተመን መጽሐፍ መንቀፍ ድፍረት ነውና።

ከትእዛዛቱ ይልቅ የሚያሳስበን የማመንታት ቃላት ጉዳይ ነው። ለዚህም ከሰቆጣ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የዕድገት መገታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ የገባው ግዴታ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ይጠራል። እግረ መንገዳችንን፣ ተርጓሚው «ዲክላሬሽን» የሚለውን «መግለጫ» ወይም «አዋጅ» ሳይል «ቃል ኪዳን» ማለቱ የሚመሰገን ነው፤ አስገዳጅነቱን በአማርኛው አጠንክሮታል። «ስታንቲንግ» ለሚለውም «መቀንጨር» የሚለው ቃል ተይዟል። ሳያድግ የቀረን ነገር «የቀነጨረ» ማለት የቆየ አነጋገር በመሆኑ ቃሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባል። የስያሜ ሥራ እንዲህ ሲሳካ ማየት ደስ ያሰኛል።

ይሁንና ያው የሰቆጣ ተማሪ በእንግሊዝኛው የሥነ ሕይወት መጽሐፍ፣ መቀንጨር ከንጹሕ ውኃ እጦት ጋር «ሜይ ቢ አሶሺዬትድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያነብ ምን ይረዳል? ስሙን ያውቀዋል። ውኃውንም ያውቀዋል፤ ምናልባትም ከደራሲው ይልቅ ያውቀዋል። የማያውቀው በመካከል ያሉትን ሦስት ቃላት ነው። በልቡ የሚተረጕመው «መቀንጨር የሚመጣው ከውኃ እጦት ነው» ብሎ ነው። ደራሲው ግን ሁለቱ ነገሮች አብረው ሊገኙ መቻላቸውን እንጂ፣ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አልተናገረም። መዛመድ ምክንያት ሆነ፤ ጥርጣሬውም እርግጥ ሆነ። ይህ ተማሪ ነገ የጤና ባለሙያ ሆኖ ዘገባ ሲጽፍ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይጽፋል።

አማርኛ ጥርጣሬን ለመግለጽ መንገድ አጥቶ አይደለም። «ይሆናል» እንላለን፤ ግን «ነገ ዝናብ ይሆናል» ስንል ትንቢትም ግምትም ሊሆን ይችላል። «ይችላል» ደግሞ ችሎታንም፣ ፈቃድንም፣ መሆን መቻልንም ይሸከማል፤ በዚህ አንቀጽ ውስጥ እንኳ እኛ ራሳችን ያለ እርሱ መሄድ አልቻልንም። በንግግር ጊዜ ድምፅና ሁኔታ ይለዩታል። በጽሑፍ፣ ያውም በሦስተኛ ቋንቋ፣ የሚለየው የለም።

አያያዥ ቃላትም ሌላ ፈተና ናቸው። ኽምጥኛም አማርኛም ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጡ፣ ጥገኛውን ሐረግ ከዋናው የሚያስቀድሙ ቋንቋዎች ስለ ሆኑ፣ ተማሪው በዚህ ረገድ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ብዙ አይቸገርም። እንግሊዝኛው ዋናውን ተናግሮ ሲያበቃ «አንለስ» ብሎ ይቀጥላል፤ አንባቢው ዋናውን ሐሳብ ይዞ ከሄደ በኋላ ሁኔታው ከኋላ ይጠራዋል። «ሲንስ» አንድ ጊዜ «ከዚያ ጀምሮ»፣ ሌላ ጊዜ «ስለ ሆነ» ነው። «ዋይል» አንድ ጊዜ «እያለ»፣ ሌላ ጊዜ «ሆኖ ሳለ» ነው። በመዝገበ ቃላት ውስጥ እነዚህ ቃላት ሁለት መስመር ያህል ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ተማሪው ግን በአንድ ገጽ አሥር ጊዜ ያገኛቸዋል።

ስለ ምን የስያሜ ሥራው ወደ ስሞች አዘነበለ? ምክንያቱ አይሰወርም። ስም ይቆጠራል፣ በፊደል ተራ ይደረደራል፣ ባለሙያና የቋንቋ ሰው ተቀምጠው ይስማሙበታል። «ንድፈ ሐሳብ»፣ «መላምት»፣ «ጽንሰ ሐሳብ»፣ «ኅብረተሰብ»፣ «ብርሃን አስተፃምሮ» ከእንዲህ ዓይነቱ ድካም የተገኙ ናቸው፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የብዙ ዓመት ልፋት ፍሬ ነው። ከነዚህ ቃላት የሚበዙት በተማሪው አፍ ገብተዋል፤ ጥቂቶቹ ከመጽሐፉ አልወጡም። ግን አስተውሉ፤ «ብርሃን አስተፃምሮ» ባይኖር ኖሮ ተማሪው «ፎቶሲንተሲስ» ብሎ ይማር ነበር፤ በሰባተኛ ክፍልም የሚጠብቀው ያው ቃል ነው። የሙያ ስም በውሰት ይገባል። «አሲዩም» ግን በውሰት አይገባም። «ሃውኤቨር»ን ተውሶ በአማርኛ የሚጽፍ የለም።

አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት የትምህርት ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ይዟል። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት፣ ሁለት ሺህ ያህል ተዘውታሪ ቃላትን ከያዘው ዝርዝር ውጭ ሆነው፣ በተመረመሩት የትምህርት ጽሑፎች ውስጥ ካሉት ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። «አሲዩም»፣ «ዲፋይን»፣ «ኢቪደንስ»፣ «ኢቫሉዌት» ከነዚህ ውስጥ ናቸው። 570 ብዙ አይደለም። አንድ የስያሜ ጉባኤ በጥቂት ዓመታት ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው፤ የአንድን ሳይንስ ሙሉ ቃላት ከመሰየም ይቀላል።

አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ግን የቆየውን መፈተሽ ይገባል። በግእዝ መጻሕፍት የአማርኛ ትርጓሜ ትምህርት ውስጥ ዕውቀትን የመመርመሪያ ቃላት ሞልተዋል። መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ ይተረጕማል፤ ሌላ ፍቺ ሲኖር «አንድም» ብሎ ይቀጥላል፤ ጥያቄ የሚያስነሣውን ነገር በ«ሐተታ» ይመረምራል። «ሐተታ» ከግእዙ «ሐተተ»፣ መረመረ፣ የወጣ ነው። እንግዲህ ለ«ዲስከስ» «አትት» ብንል፣ ብቻውን ተቀምጦ ነገርን ከየወገኑ መመርመርን የሚያሳይ፣ የኖረ ቃል እናገኛለን። በዋግና በላስታ አድባራት ላደገ ልጅም ጆሮ አይቆረቁርም። በዚሁ መንገድ «ስቴት»ን «ጥቀስ»፣ «ኤክስፕሌይን»ን «አስረዳ»፣ «ዲፋይን»ን «በይን» ብንል፣ «ግለጽ» ለ«ዲስክራይብ» ብቻ ይቀራል። «ተርጕም» የሚለውን ለ«ዲፋይን» መጠቀም መተው ያለበት ይመስለናል፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስንም ብያኔ መስጠትንም አንድ ላይ መሸከም የለበትም።

ቃሉን በዝርዝር ማስፈር ብቻ ግን ፋይዳው ትንሽ ነው። አራቱ ትእዛዛት በአንድ ጉዳይ ላይ ጎን ለጎን ተሠርተው መታየት አለባቸው። በዋግ ተዳፋት ማሳዎች ላይ ያለውን የአፈር መሸርሸር እንውሰድ። «ጥቀስ» ሲባል፣ ተዳፋትነት፣ የደን መመናመን፣ ኃይለኛ ዝናብ ብሎ ማቆም ነው። «ግለጽ» ሲባል፣ ቦረቦሩ ምን ያህል እንደ ጠለቀ፣ የአፈሩ መልክ እንዴት እንደ ተለወጠ ማሳየት ነው። «አስረዳ» ሲባል፣ ሽፋን ያጣ መሬት ውኃን ስለማያሰርግ ጎርፉ አፈሩን ይዞ እንደሚወርድ መናገር ነው። «አትት» ሲባል ግን፣ እርከን መሥራት ይበልጥ ይጠቅማል ወይስ መሬቱን ከከብት ንክኪ መከለል፣ የሁለቱን ጥቅምና ወጪ እያነጻጸሩ አንድ ድምዳሜ ላይ መድረስ ነው። ይህን አንድ ጊዜ በሚገባው ቋንቋ ሠርቶ ያየ ተማሪ፣ እንግሊዝኛው ሲመጣ የሚማረው ቃል እንጂ ሥራ አይደለም።

የሚገባው ቋንቋ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ግን በዋግ ኽምራ በቀላሉ አይታለፍም። በከተማው ላደገ ልጅ አማርኛ ሊሆን ይችላል፤ በገጠሩ ላለው ኽምጥኛ ነው። ስለ ቋንቋው የተጻፉ ጥናቶች አሉ፤ ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሰዋስው ንድፍና በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአገው ቋንቋዎች ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት ይጠቀሳሉ። እነዚህ ግን ለሥነ ልሳን ምርምር እንጂ ለመማሪያ ክፍል የተሠሩ አይደሉም። እኛም የአማርኛውን «አትት» ወስደን የኽምጥኛ መነሻ እናብጅለት አንልም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለኽምጥኛ ቃል ማውጣት፣ ለአማርኛ በእንግሊዝኛ አምሳል ቃል እንደ ማውጣት ነው። በዝቅተኛ ክፍሎች የሚያስተምሩ የኽምራ መምህራን ልጆችን «ይህን ለይተህ አሳየኝ»፣ «ለምን ሆነ?» ሲሉ በየዕለቱ የሚጠቀሙባቸው ግሦች አሉ። ሥራው የሚጀመረው እነዚያን በመልቀም ነው። ደግሞም ተማሪው ባዶ እጁን አይመጣም። በእንግሊዝኛው «ሲንግ» መጨረሻ የሚሰማው፣ አማርኛ ተናጋሪው «ን»ና «ግ» አድርጎ የሚከፍለው ድምፅ፣ በኽምጥኛ ራሱን የቻለ ተነባቢ ነው። መምህሩ የራሱን አማርኛ አነጋገር ትክክል ነው ብሎ ልጁን ያላረመው እንደ ሆነ፣ በዚህ ይቀድመዋል።

አንዳንድ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ተማሪው እንዲህ በየቋንቋው እየተመላለሰ ከተማረ በእንግሊዝኛ ማሰብ አይለምድም ይላሉ። ስጋቱን አንንቀውም። ነገር ግን ተማሪው ተፈቀደለትም ተከለከለም በልቡ መተርጐሙ አይቀርም፤ የቀረበለት ምርጫ በደኅና ቃል ወይም በጐደለ ቃል መተርጐም ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርትም፣ ከቀድሞው ፍሬሽማን ኢንግሊሽ አንሥቶ በ2012 ዓ.ም. እስከ ተመለሰው የአንደኛ ዓመት መርሐ ግብር ድረስ፣ ይህን ሸክም በአንድና በሁለት መንፈቅ ሊያነሣው አልቻለም።

ከላይ ካነሣናቸው ውስጥ እስካሁን ያልተስማማንበት አንድ ቃል አለ። «ኢቫሉዌት» በአማርኛ «ገምግም» ይባላል፤ ከቃሉ ፍቺ አንፃር ነቀፋ የለበትም። ሆኖም «ግምገማ» በመሥሪያ ቤትና በቀበሌ ስብሰባ ያገኘው ትርጉም፣ ሰው በሰው ላይ የሚናገርበት ሸንጎ ነው፤ የሰማ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። «መዝን» የሚለው ሚዛንን ስለሚያስታውስ ለሐሳብና ለማስረጃ የተሻለ ይመስለናል። ነገር ግን በሳይንስ መጽሐፍ «መመዘን» ክብደት መለካት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ ያደናግራሉ። «አመዛዝን» ደግሞ ቢያንስ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ «ኢቫሉዌት» አንድ ነገር ብቻውን ይዞ ዋጋውን ጠይቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ለጊዜው ከነሦስት አማራጮቹ አቆይተነዋል።